የኮምፒውተር ሰዓት ማመሳሰያ፦ ለሊኑክስ፣ ለዊንዶውስ፣ ለማክ የቱ ይሻላል?

ባለፈው ሜክሲኮ አካባቢ ያለ አንድ ቢሮ ተጠርቼ ሄድኩ፣ እቃ አስመጪዎች ናቸው፣ ኋላ ክፍል ውስጥ ሊኑክስ የተጫነበት አንድ ሰርቨር አላቸው ሌሎቹ ዘጠኝ ማሽኖች ዊንዶውስ ናቸው። የሒሳብ ሠራተኛዋ "ወንድሜ፣ ጠዋት የመዘገብኳቸው ደረሰኞች በሙሉ ጠፉብኝ" አለችኝ፣ በጣም ደንግጣለች። አልጠፉም ነበር። ማታ መብራት ሄዶ ዩፒኤሱም አልቆ ሰርቨሩ ጠፍቷል፣ ሌሊት መብራት ሲመጣ ተነስቷል፣ ግን የተነሳው በፈረንጆቹ 2010 ጃንዋሪ 1 ላይ ነው፣ የጠዋቱ ደረሰኞች በሙሉ በዛ ቀን ተመዝግበው ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ሄደው ተኝተዋል። ሰርቨሩን ከፍቼ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ በመልቲሜትር ስለካት 3 ቮልት መሆን ሲገባት 1.9 አሳየችኝ።

ባትሪ ያልቃል፣ እሱ አይገርምም። የገረማቸው የሰዓት ማመሳሰያ ሶፍትዌር ተጭኖ ኢንተርኔትም እያለ ሰዓቱ ሳይስተካከል መቅረቱ ነው። የተጫነው ኤንቲፒዲ ነበር። ተነሳ፣ ትክክለኛውን ሰዓት ከኢንተርኔት ጠየቀ፣ ልዩነቱ ከ1000 ሰከንድ በላይ መሆኑን ሲያይ ሎጉ ላይ አንድ መስመር ጽፎ ራሱን ዘጋ። አልተበላሸም፣ እንደዛ እንዲያደርግ ነው የተሠራው፣ ይህን ያህል ትልቅ ልዩነት ካየ ሰው እንዲያየው ይተወዋል። ሲነሳ አንድ ጊዜ ትልቁን ልዩነት እንዲያርም የምትፈቅደውን "ጂ" የምትባል ኦፕሽን ሰርቨሩን የጫነው ሰው አልጨመራትም።

ከዛ በኋላ ሰው "የቱን ልጫን?" ብሎ ሲጠይቀኝ ስንት ማይክሮ ሰከንድ ትክክል እንደሆነ አይደለም የማወራው። መጀመሪያ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እጠይቃለሁ፣ ቀጥሎ ማሽኑ እንዴት እንደሚውል እንደሚያድር እጠይቃለሁ፣ መብራት ስንቴ ይሄዳል፣ ኢንተርኔት ሁልጊዜ አለ ወይ፣ ማታ ይጠፋል ወይ። እዚህ ከተማ ላይ ምርጫውን የሚወስነው እሱ ነው።

መስፈርቶቹ

አንደኛው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው፣ አብዛኛው አማራጭ ዊንዶውስ ላይ ጭራሽ ስለማይሠራ እዚሁ ላይ ይወድቃል። ሁለተኛው መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰዓቱ በቀን ወይ በዓመት ተሳስቶ ቢነሳ ምን ያደርጋል የሚለው ነው። ሦስተኛው ኢንተርኔት ማሽኑ ከተነሳ ከሁለት ሰዓት በኋላ ቢመጣስ? ጠብቆ ይይዛል ወይስ ተስፋ ቆርጦ ይቀመጣል? አራተኛው ለሌሎች ማሽኖች ሰዓት ማደል ይችላል ወይ፣ አስር ማሽን ያለው ቢሮ ውስጥ አስሩም ውጭ ድረስ ወጥተው ከሚጠይቁ አንዱ ጠይቆ ለዘጠኙ ቢነግር ይሻላል፣ ኢንተርኔት ቢቆረጥ እንኳን እርስ በርስ አይለያዩም። አምስተኛው ደህንነት ነው። ትክክለኛነት መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ ለቢሮ ሥራ ሁሉም ከሚበቃው በላይ ትክክል ናቸው።

ሰዓት ለምን እንደሚሳሳት ለማታውቁ ባጭሩ፦ ማሽኑ ውስጥ ሰዓት የምትቆጥረው ክሪስታል ከሚሊዮን 20 ያህል ብትስት በቀን 1.7 ሰከንድ ገደማ ትዛነፋለች፣ በሳምንት 12 ሰከንድ ይሆናል። ሙቀት ሲለዋወጥ ስህተቷም ይለዋወጣል፣ ስለዚህ አንዴ አስተካክሎ መተው አይሆንም፣ ቁጭ ብሎ የሚከታተል ሶፍትዌር ያስፈልጋል። ሁሉም የሚግባቡበት ፕሮቶኮል ኤንቲፒ ነው፣ ዴቪድ ሚልስ በ1985 ያወጣው ነው አሁን ያለው 4ኛው ቨርዥን የ2010 ነው፣ የሚሄደውም በዩዲፒ ፖርት 123 ነው። ፋየርዎላችሁ እሷን ከዘጋ የቱንም ብትጭኑ አይሠራም፣ መጀመሪያ እሱን እዩ።

ክሮኒ

ሊኑክስ ላይ ከሆናችሁ የኔ ምርጫ ይሄ ነው። ሊኑክስ፣ ማክ፣ እንዲሁም ፍሪቢኤስዲና ኔትቢኤስዲ የሚባሉት ዩኒክስ ነክ ሲስተሞች ላይ ይሠራል፣ ዊንዶውስ ላይ አይሠራም። ሬድሃት ከቨርዥን 8 ጀምሮ የድሮውን ኤንቲፒዲ አውጥቶ ክሮኒን ብቻ ትቷል፣ ኡቡንቱም ከ25.10 ጀምሮ ዲፎልት አድርጎታል።

የወደድኩት እኛ ያለንበትን ሁኔታ አስቦ የተሠራ ስለሚመስል ነው። ኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ "ሜክስቴፕ 1 3" የምትል መስመር አለች፣ ብዙዎቹ የሊኑክስ ዓይነቶች (ዲስትሪቢውሽኖች) አስገብተዋት ነው የሚመጡት፣ ትርጉሟ በመጀመሪያዎቹ 3 ልኬቶች ላይ ስህተቱ ከ1 ሰከንድ ከበለጠ ዘለህ አስተካክል፣ ከዛ በኋላ ግን በቀስታ ብቻ ማለት ነው። 3ቱ የሚቆጠሩት ደግሞ እውነተኛ ልኬት ሲገኝ ነው፣ ኮኔክሽን ሳይኖር ያለፈው ጊዜ አይቆጠርም፣ ስለዚህ ማሽኑ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተነስቶ ኢንተርኔቱ አራት ሰዓት ላይ ቢመጣም ያኔ ያርመዋል። ያ የሜክሲኮው ሰርቨር ክሮኒ ቢኖረው ኖሮ ሠራተኛዋ ቢሮ ከመግባቷ በፊት ሰዓቱ ተስተካክሎ ነበር።

ሲያርምም ፈጣን ነው። ኤንቲፒዲ በቀስታ ብቻ እንዲያርም ሲታዘዝ 1 ሰከንድ ለማስተካከል 33 ደቂቃ ገደማ ይወስድበታል፣ ክሮኒ ሊኑክስ ላይ በ12 ሰከንድ ሊጨርሰው ይችላል፣ ሰዓቱን ወደኋላ ሳይመልስ። ዳታቤዝ ያላችሁ ሰዎች ይሄ ይገባችኋል፣ ሰዓት ወደኋላ ሲዘል ኋላ የመጣው መዝገብ የቀደመ ሆኖ ይገኛል።

ለሌሎች ማደልም ይችላል፣ "አላው" በሚለው መስመር የቢሮውን አድራሻ መስጠት ነው። "ሎካል ስትራተም 10" የሚለውን ከጨመራችሁበት ኢንተርኔት ባይኖርም በራሱ ሰዓት ማደሉን ይቀጥላል።

ጉድለቱስ? ኤንቲኤስ የሚባለውን በሰርተፊኬት የሚጠበቀውን መንገድ ስትጠቀሙ ባትሪው የሞተ ማሽን ላይ ትቸገራላችሁ፣ ሰርተፊኬቱን ለማመን ትክክለኛ ቀን ያስፈልጋል፣ ትክክለኛውን ቀን ለማግኘት ደግሞ ሰርተፊኬቱን ማመን ያስፈልጋል። ክሮኒ ለመጀመሪያው ልኬት የሰርተፊኬቱን ቀን እንዲያልፈው የሚያደርግ ሴቲንግ አለው ግን ጥበቃውን ያላላል፣ ከዛ ይልቅ ባትሪዋን መቀየር ይሻላል። ሲአር 2032 ናት፣ ማንኛውም ሰዓት ሰሪ ጋ ትገኛለች።

ታይምሲንክዲ

ብዙ ሊኑክሶችን ከሚያስነሳውና ሰርቪሶቹን ከሚያስተዳድረው ከሲስተምዲ ጋር አብሮ የሚመጣ ነው፣ ሊኑክስ ብቻ ነው። ደንበኛ ነው እንጂ ሰርቨር አይሆንም፣ ለሌላ ማደል አይችልም። በአንድ ጊዜ አንድ ሰርቨር ብቻ ነው የሚያምነው፣ ያ ሰርቨር ከተሳሳተ አብሮ ይሳሳታል፣ ክሮኒና ኤንቲፒዲ ግን ከብዙ ጠይቀው ከሌሎቹ የተለየውን ይጥላሉ። ትንሽ ከፍ ያለ ልዩነት ካየም በማንኛውም ሰዓት ይዘላል፣ ስለዚህ ዳታቤዝ ሰርቨር ላይ አልመክረውም።

አንድ በጣም የምወድለት ነገር ግን አለ፣ ሲንክ ባደረገ ቁጥር ሰዓቱን ዲስክ ላይ ምልክት ያደርጋል፣ ማሽኑ ሲነሳ ከዛ ምልክት ወደኋላ አይሄድም። ስለዚህ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ፣ ወይ ከነጭራሹ የሰዓት ቺፕ የሌለው እንደ ራስበሪ ፓይ 4 ያለ ማሽን ኢንተርኔት ባይኖር እንኳን 2010 ላይ ሳይሆን ቢያንስ ትናንት ማታ ላይ ይነሳል።

ኤንቲፒዲና ኤንቲፒሴክ

ኤንቲፒዲ አሮጌውና ብዙ ቦታ የሚሠራው ነው፣ ዩኒክስ ነክ በሆነ ሲስተም ሁሉ ላይ ማለት ይቻላል፣ ዊንዶውስ ላይም ማይንበርግ የሚባለው የጀርመን ድርጅት ባዘጋጀው ነፃ ጫኚ ይገባል። ፍሪቢኤስዲ ውስጥ አብሮ ይመጣል፣ ፒኤፍሴንስ ፋየርዎል ያላችሁም የምትጠቀሙት እሱን ነው።

ችግሩ ከላይ የነገርኳችሁ የ1000 ሰከንድ ገደብ ነው፣ "ጂ" መኖሯን ሳታረጋግጡ አትውጡ። ሁለተኛው አሮጌ ቨርዥን ነው። "ሞንሊስት" የምትባለው ትእዛዝ ያልተዘጋችባቸው የድሮ ኤንቲፒዲዎች በ2014 አካባቢ ለትልልቅ የኔትወርክ ጥቃቶች ማጉያ ሆነው አገልግለዋል፣ ትንሽ ጥያቄ ይላካል ብዙ እጥፍ መልስ ወደ ተጠቂው ይሄዳል። አሁንም ዓመት ሙሉ ያልታደሰ ሰርቨር ፖርት 123ቱን ለዓለም ከፍቶ ተቀምጦ አያለሁ፣ እባካችሁ ለቢሮው ኔትወርክ ብቻ ክፈቱት።

ኤንቲፒሴክ ከሱ ተቀንሶና ተጠርጎ የወጣ ነው፣ ዊንዶውስን ትቶታል፣ ኤንቲኤስ ግን አለው። ዴቢያን 12 ላይ ኤንቲፒ ብላችሁ ስትጭኑ የሚገባላችሁ እሱ ነው። የድሮ ኮንፊግ ፋይል ላላቸውና መቀየር ለማይፈልጉ ጥሩ ነው። አዲስ ለሚጀምር ሰው ግን ክሮኒን ትቶ እሱን የሚመርጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ኦፕንኤንቲፒዲ

የኦፕንቢኤስዲ ልጅ ነው፣ ሊኑክስና ማክ ላይም ይሠራል። ኮንፊጉ አጭር ነው፣ ጥንቃቄው ጠንካራ ነው፣ ከኤችቲቲፒኤስ ድረ ገጽ የሚያገኘውን ቀን እንደ አጥር ይጠቀምና ከዛ የወጣ የኤንቲፒ መልስ አይቀበልም። ኦፕንቢኤስዲ ካላችሁ ተዉት እንዳለ፣ ከዛ ውጭ ፈልጋችሁ የምትጭኑት አይደለም።

ዊንዶውስ ታይም ሰርቪስ

እዚህ ላይ ረዘም ማለት አለብኝ ምክንያቱም አብዛኛው ቢሮ ዊንዶውስ ነው።

ከዊንዶውስ 2000 ጀምሮ አብሮ ይመጣል። መጀመሪያ የተሠራው ዶሜይን (የቢሮው ማሽኖችና ተጠቃሚዎች ዶሜይን ኮንትሮለር ከሚባል ማዕከላዊ ሰርቨር የሚተዳደሩበት ኔትወርክ) ውስጥ መግባት እንዲቻል ነው፣ ኬርቤሮስ የሚባለው መግቢያ በማሽኑና በዶሜይን ኮንትሮለሩ መሀል ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት ካለ አያስገባም፣ ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ዓላማው 5 ደቂቃ ውስጥ መቆየት እንጂ ሚሊ ሰከንድ አልነበረም። ከሰርቨር 2016 ወዲህ ሁኔታው ከተመቻቸለት እስከ 1 ሚሊ ሰከንድ ይደርሳል፣ ዶሜይን ውስጥ ያልገቡት የድሮዎቹ እስከ ዊንዶውስ 7 ያሉት ግን በሳምንት አንዴ ነበር የሚጠይቁት።

ማንም የማይነግራችሁ ነገር ይሄ ነው፦ ዶሜይን ውስጥ ያልገባ ዊንዶውስ ሰርቪሱ ዲፎልት ላይ ከ15 ሰዓት በላይ የሆነ ስህተትን አያርምም። "የሚያስፈልገው ለውጥ በጣም ትልቅ ነው" ብሎ እምቢ ይላል። እና ባትሪው የሞተ ዴስክቶፕ መብራት ሄዶ ሲመጣ ዓመታት ወደኋላ ይነሳል፣ ከዛ ብራውዘሩ ድረ ገጹን ሁሉ "አደገኛ ነው" ይላል፣ ሰው ቫይረስ ገባብኝ ብሎ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ፎርማት ሊያስደርግ ይመጣል። ስንት ሰው በዚህ ምክንያት ዳታውን አጥቷል! ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ከታች በቀኝ ጥግ ያለውን ቀን እዩ። ቀኑን በእጅ ካስተካከላችሁት በኋላ ሰርቪሱ የቀረችውን ራሱ ያርማል፣ ገደቡንም ሬጅስትሪ ውስጥ ከፍ ማድረግ ይቻላል።

ዶሜይን ካላችሁ ደግሞ አባል ማሽኖቹ ላይ ምንም አትጫኑ። እነሱ ከዶሜይን ኮንትሮለር ይወስዳሉ፣ ኮንትሮለሮቹ ከመሀላቸው ፒዲሲ ኢሙሌተር የሚባለውን ሚና ከያዘው አንዱ ይወስዳሉ፣ እናንተ የምትነኩት እሱን አንዱን ብቻ ነው።

ስለ ማክ ብዙ የምለው የለኝም፣ ከሃይ ሲየራ ወዲህ ኤንቲፒዲን ትቶ ታይምዲ የሚባል የራሱን ይጠቀማል፣ ሴቲንግ ውስጥ አውቶማቲክ መሆኑን አይቶ መተው ነው።

በሰንጠረዥ

| ሶፍትዌር | ሊኑክስ | ዊንዶውስ | ማክ | ቢኤስዲ | ለሌሎች ያድላል? | ሲነሳ በዓመታት ቢሳሳት |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ክሮኒ | አዎ | የለም | አዎ | ፍሪ፣ ኔት | አዎ | ሜክስቴፕ ካለች ያርማል |
| ታይምሲንክዲ | አዎ | የለም | የለም | የለም | አያድልም | ያርማል |
| ኤንቲፒዲ | አዎ | አዎ | በእጅ ከተጫነ | አዎ | አዎ | "ጂ" ከሌለች ይዘጋል |
| ኤንቲፒሴክ | አዎ | የለም | በእጅ ከተጫነ | አዎ | አዎ | "ጂ" ከሌለች ይዘጋል |
| ኦፕንኤንቲፒዲ | አዎ | የለም | በእጅ ከተጫነ | አዎ | አዎ | በሴቲንጉ ይወሰናል |
| ዊንዶውስ ታይም | የለም | አብሮት አለ | የለም | የለም | አዎ | ዶሜይን ውስጥ ካልሆነ እምቢ ይላል |

የሰዓት ዞን ስህተት የሶፍትዌር ስህተት አይደለም

ይሄን ሳልነግራችሁ ብትመርጡ ትርጉም የለውም። ኤንቲፒ የሚያመሳስለው ዓለም አቀፉን ሰዓት ነው፣ ዞን አያውቅም። እኛ ሁልጊዜ 3 ሰዓት እንቀድማለን፣ በበጋና በክረምት አይቀየርም። ሰዓታችሁ ልክ 3 ሰዓት ከተሳሳተና አንድ ማሽን ላይ ዊንዶውስና ሊኑክስ አብረው ካሉ ምንም አዲስ ነገር አትጫኑ፣ ዊንዶውስ የማዘርቦርዱን ሰዓት እንደ አዲስ አበባ ሰዓት ያነበዋል ሊኑክስ እንደ ዓለም አቀፉ ያነበዋል፣ አንዱን ከሌላው ጋር ማስማማት ብቻ ነው።

ልክ 6 ሰዓት ከተሳሳተ ደግሞ የሆነ ሰው በኛ አቆጣጠር ጠዋቱን "2:00" እንዲያሳየው ብሎ በእጁ መልሶታል ማለት ነው። ፍላጎቱ ይገባኛል፣ ሰዓታችንን በራሳችን ማንበብ ማንም ይወዳል። ግን እንደዛ ሲሆን በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየረው የሁለተኛ ደረጃ መግቢያ ኮድ አይሠራም፣ ዶሜይንም አያስገባም። አንዳንዱ ዞኑን ብራዚል ያደርገዋል፣ እሱ ይሻላል ምክንያቱም ከውስጥ ያለው ሰዓት ትክክል ይሆናል፣ ግን ከፈረንጅ እኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ማሽኑ የትናንቱን ቀን ነው የሚያሳየው፣ የኢሜይልና የስብሰባ ሰዓትም ይዛባል። ዞኑን ዊንዶውስ ላይ ናይሮቢ ሊኑክስ ላይ አዲስ አበባ አድርጋችሁ የኛን ሰዓት የሚያሳይ ትንሽ አፕ ለብቻው ጫኑ።

ለማን የቱ?

አንድ ላፕቶፕ ያለው ሰው አብሮ የመጣውን ይተው፣ ብሩን ለባትሪዋ ያውጣ።

ከአምስት እስከ ሠላሳ ማሽን ያለው ቢሮ፣ በጀቱም ጠባብ ከሆነ፣ የማይጠፋ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ሊኑክስና ክሮኒ ጭኖ ለሁሉም ያድል። ሶፍትዌሩ ነፃ ነው። ማይክሮቲክ ራውተር ካላችሁ እሱም ተጨማሪ ወጪ የለውም፣ ራውተር ኦኤስ 7 ውስጥ የኤንቲፒ ሰርቨር አብሮ አለ፣ በ6 ላይ ለብቻ የሚጫን ፓኬጅ ነበር። ካሜራውንና የአሻራ ማሽኑንም ወደዛው አዙሩ እባካችሁ፣ ስርቆት ተፈጥሮ የካሜራው ሰዓት ከአሻራው ጋር 20 ደቂቃ ሲለያይ ማን መቼ እንደገባ ማረጋገጥ አይቻልም፣ ያልሠራ ሰው ይጠረጠራል።

ቨርቹዋል ማሽን ያላችሁ አንዱን ብቻ ምረጡ፣ ሰዓቱን ወይ ሃይፐርቫይዘሩ (ቨርቹዋል ማሽኖቹን የሚያስኬደው ሶፍትዌር) ይስጠው ወይ ክሮኒ ይስጠው፣ ሁለቱ አንድ ላይ ከሆኑ ይጎታተታሉ። ኮንቴይነር ውስጥ ምንም አያስፈልግም፣ የሚጠቀመው የዋናውን ማሽን ሰዓት ነው።

ኢንተርኔት ቀናት ለሚጠፋበት ወይ በጣም ትክክለኛ ሰዓት ለሚፈልግ ቦታ ጣሪያ ላይ አንቴናው የወጣ የጂፒኤስ ሪሲቨርና ክሮኒ። ከማይክሮ ሰከንድ በታች ለሚፈልግ የቴሌኮም ዓይነት ሥራ ኤንቲፒ አይበቃም፣ ፒቲፒ የሚባለው ፕሮቶኮልና እሱን የሚደግፍ የኔትወርክ ካርድ ነው የሚያስፈልገው፣ በጀቱም ሌላ ነው።

የቱንም ብትመርጡ ከጫናችሁ በኋላ በዚህ ፈትኑት። ሥራ በሌለበት ሰዓት ማሽኑን አጥፉት፣ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ቀኑን 5 ዓመት ወደኋላ መልሱት፣ የኔትወርክ ገመዱን ንቀሉና አስነሱት። ሃያ ደቂቃ ቆዩ፣ ከዛ ገመዱን ሰኩና እጃችሁን ሳታስገቡ ጠብቁ። በአስር ደቂቃ ውስጥ ራሱን ካስተካከለ ጨርሳችኋል። ካላስተካከለ መብራት በሄደበት ሌሊትም አያስተካክልም፣ ሌላውን ሞክሩ። የሜክሲኮውን ሰርቨር ክሮኒ ጭኜ ባትሪዋን ቀይሬ በዚሁ ፈተንኩት፣ ገመዱን ከሰካሁ በኋላ ግማሽ ደቂቃ አልሞላም።